የግራ ትንሿ ጣቴ

ሕጉ ከወጣ አራት ዓመቱ ነው። እኛ የብረት ጥራት ተቆጣጣሪዎች «አልፏል» ብለን የፈረምንበት ብረት ሁሉ ከአንድ ጣታችን ጋር ይተሳሰራል፤ እሱ ሲሰነጠቅ እኛን ያመናል። የእኔ የግራ ትንሿ ጣት የባቡሩ ድልድይ ናት።

እሁድ ከምሳ በኋላ ልጄን ታቅፌ የሳምንቱን የፍተሻ ሪፖርት አነባለሁ። ድዷን እየበላት ስለሆነ ያችኑ ጣቴን ትጠባለች። ድንገት ወጋኝ! ዘልዬ ተነሳሁና የድልድዩ ተረኛ ደምሰው ጋ ደወልኩ።

«ባቡሩን አስቁመው! ድልድዩን ዝጋ!»

ደምሰው አልተከራከረኝም። እኔ ልጅቷን እንደታቀፍኩ ሳሎኑ ውስጥ ስመላለስ ቆየሁ። ሕመሙ አልተመለሰም። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ደወለ።

«ኢንጂነር፣ ብየዳውን አንድ በአንድ ፈተሽነው፤ ስንጥቅ የለም። ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ነው፣ ምን ልበላቸው?»

«ታዲያ ጣቴ ትዋሻለች እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት።

ባለቤቴ ይትባረክ ልጅቷን ተቀበለኝ። ድዷን በጣቱ ዳሰሰና ሳቁ አመለጠው።

«ኧረ ሰናይት፣ ጥርስ አብቅላለች! ነክሳሽ ነው እኮ!»

የመጀመሪያ ጥርሷ ነው። ሌላ እናት ብትሆን እልል ትል ነበር፤ እኔ አፈርኩ።

«በቃ ክፈተው፣ ደምሰው። ይቅርታ» አልኩት።

ይትባረክ ልጅቷን መስኮቱ ጋ ወስዶ ጥርሷን በብርሃን እያየ ይስቃል። ከሩቅ የባቡሩ ጡሩምባ ተሰማ። ያኔ ጣቴን እንደገና ወጋኝ።

ልጅቷ ግን አባቷ እቅፍ ውስጥ ነበረች።