በእጅ፣ ወደ ኋላ

ሁለተኛው ጥፊ ፔይጁንን ከመሣሪያ ሳጥኑ ጋር ያላትማታል። ጥርሷ ጉንጯን ከውስጥ ይቆርጠዋል፤ አፏ ብረት ብረት ይላል።

«ምን ነበር ያልኩሽ?» አለቃ ሹን የተበላሸውን ዘንግ አፍንጫዋ ሥር ይወዘውዘዋል። ከሚያኝከው ፍሬ ጥርሱ ቀልቷል፤ ሲጮህ ቀዩ ምራቅ ፊቷ ላይ ይፈናጠራል። «ወፈር አድርገሽ ተዪው አላልኩሽም? አሁን ማን ሊያወፍረው ነው? እናትሽ?»

«ስለካው ልክ ነበር፣ አለቃ...»

«ደግሞ ትመልስልኛለች!»

ከመሰርሰሪያው ወዲያ ሠራተኛው ዌንቢን ይስቃል። «ቀስ በሏት እንጂ፣ ምሳ የሚያመጣልን እናጣለን!» እሱም ተለማማጅ ሳለ እዚችው ቦታ ላይ ይደበደብ ነበር።

ፔይጁን ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የተላከች የመጀመሪያ ዓመት ተለማማጅ ናት። ሹን ካልፈረመላት ዓመቱን ትደግማለች። ታይቹንግ ከተማ ውስጥ ደግሞ ሴት ልጅ ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ የሚያቆም ሌላ ወርክሾፕ አላገኘችም። ስለዚህ ቆማ ትደበደባለች።

ሹን ዘንጉን ወርውሮ ቡጢውን ያነሣል። አጠገባቸው ቶርኖው ሌላ ብረት ነክሶ እየዞረ ነው።

ጎንበስ ትላለች። ከዚህ በፊት አድርጋው አታውቅም። ቡጢው ይስታታል፤ ሰውየው ይንገዳገድና የጃኬቱ እጅጌ የሚዞረው ብረት ላይ ያርፋል።

ማሽኑ እጅጌውን ይጠቀልላል፣ ክንዱንም አስከትሎ። የደረቀ እንጨት እንደሚሰበር ያለ ድምፅ ይሰማል። ፔይጁን ፍሬኑ ላይ በሁለት እግሯ ትዘላለች።

ቶርኖው ይቆማል። ሹን ደረቱ ማሽኑ ላይ ተለጥፏል። ክንዱ ከክርኑ በታች ብረቱን እንደ ገመድ ተጠምጥሞታል፤ ጨርቁና ሥጋው አይለይም።

«ዌንቢን! ና ያዘው!»

ዌንቢን አፉን በእጁ ይዞ ወደ በሩ ይሮጣል። ውጪ ሲያስመልሰው ይሰማታል።

እጇ ወደ ማስነሻው ይሄዳል፤ ማሽኑ በሞተር ወደ ኋላም መዞር ይችላል።

«አይ! በሞተር አይደለም!» ሹን ይንሰቀሰቃል። «ትገነጥይኛለሽ። ዋናውን አጥፊ... ማርሹን አውጪ... በእጅ። ወደ ኋላ።»

ዋናውን ማጥፊያ ትዘጋለች። «የቱ ነው ማርሹ?» ማርሽ ሁልጊዜ የሚቀይረው እሱ ነው። አሳይቷት አያውቅም።

«በግራሽ፣ የላይኛው። መሃል ላይ... አዎ፣ እንደሱ።»

ብረቱን የነከሰውን፣ ዘይት የጠጣውን የማሽኑን መንጋጋ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኋላ ትገፋለች። ሹን ይጮኻል። ትቆማለች።

ፊቱ ከፊቷ ስንዝር አይርቅም። አሁን እጇን ብታነሣበት የሚያያት የለም። እሱም ያውቀዋል፤ ዓይኑ ላይ ታየዋለች።

«ቀጥይ፣» ይላታል፣ ድምፁ የልጅ ሆኖ። «ብጮህም አትስሚኝ። እባክሽ።»

ትቀጥላለች። ይጮኻል፤ ትገፋለች። ይሰድባታል፣ እናቱን ይጠራል፣ እንደገና ይሰድባታል፤ እሷ ትገፋለች። ጨርቁ ተተርትሮ ሲያልቅ ሹን በሙሉ ክብደቱ ይወድቅባታል። አቅፋው ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች ወለሉ ላይ ትቀመጣለች።

ዌንቢን የጠራቸው የአምቡላንስ ሰዎች ሲገቡ አንደኛው አጠገቧ ይንበረከካል።

«እህቴ፣ በቃ ልቀቂው። ይዘነዋል።»

«እሺ፣» ትላለች።

ጣቶቿ ግን አይፈቱም። ሰውየው ከሹን ጃኬት ላይ አንድ በአንድ ያላቅቃቸዋል።