ሰብሳቢው ወደ ፍል ውሃ

አቶ ሶሬሳ አቃቂ በሰቃ ውስጥ የአንድ እድር ሰብሳቢ ከሆኑ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። በእነዚህ ዓመታት በሁለት ነገር የሚስተካከላቸው አልተገኘም፤ ሪፖርት በማንበብና መርዶ በማርዳት።

ሪፖርቱን የሚያነቡት በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ነው። ጉባኤው የሚቀመጠው በእናታቸው በእማማ አሰፋች ደጅ ነው፤ በሰፈሩ ቤት ያልተሠራበት ሜዳ እሱ ብቻ ስለቀረ። ባለፈው ዓመት አራት ሰዓት ተኩል አነበቡ። የተሰበረ ወንበር፣ የጠፋ ጭልፋ፣ አንድም አልቀረ። ቀና ሲሉ ከእናታቸውና ከሁለት እንቅልፍ የወሰዳቸው ሽማግሌዎች በቀር ሰው አልነበረም። መራጭ ስለጠፋ የሰብሳቢው ምርጫ ላልተወሰነ ጊዜ ተላለፈ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም እንዲሁ ነበር የተላለፈው።

መርዶው ግን እውነተኛ ሙያ ነው። አቶ ሶሬሳ ሐዘንተኛውን በማለዳ፣ ወሬ ሳይቀድማቸው፣ በሰበብ ከቤት ያወጡታል። ስልኩን በዘዴ ይቀበሉታል። ከተረዳ በኋላ እህል አይወርድለትምና አስቀድመው ያበሉታል። በግራና በቀኝ ሁለት ደጋፊ ያቆሙለታል። «ማን ሞተ?» ብሎ ከጠረጠረ፣ ሰዓቱ እስኪደርስ ድረስ ማንም እንዳልሞተ ይምሉለታል። በእሳቸው እጅ የተረዳ ሰው ወድቆ ጭንቅላቱን መትቶ አያውቅም።

አንድ እሁድ ንጋት ላይ በራቸው ተንኳኳ። አብሮ አደጋቸው መገርሳ፣ የቆርቆሮ ነጋዴው ረሻድና የእድሩ ጸሐፊ ሙሉአለም ቆመዋል።

«ሶሬ፣ ልበስ! ተራራ ልንወጣ ነው» አለ መገርሳ።

«የምን ተራራ?»

«ከቢሾፍቱ ባሻገር ያለው። አናቱ ላይ ፍል ውሃ አለ፤ ለጉልበትህ ፍቱን ነው። አገሩ ሁሉ ሃይኪንግ ላይ አይደል እንዴ?»

«አንተ እኮ ዳቦ ልትገዛ የምትሄደው በሚኒባስህ ነው።»

«እሱን ልተው ነዋ!»

«ምክትሌስ? ሀይረዲን አይመጣም?»

«ዛሬ ሥራ ይዞታል» አለ ረሻድ፣ አዲስ የተራራ ጫማውን እያየ።

አቶ ሶሬሳ ደስ አላቸው። መንገድ ላይ ረሻድ እንቁላል በዳቦ ሰጣቸው። ያንን ሳይጨርሱ ሁለተኛ ጨመረላቸው። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ሙሉአለም እጁን ዘረጋ።

«ጋሼ፣ ስልክዎን ልያዝልዎ። እንፋሎቱ ያበላሸዋል።»

ሰጡት። ጥቂት እንደተራመዱ መገርሳ በቀኛቸው፣ ረሻድ በግራቸው ሆኑ።

አቶ ሶሬሳ ቆሙ። ማለዳ። ቁርስ። ስልክ። ግራና ቀኝ።

«ምነው?» አለ መገርሳ።

«ምንም። ጫማዬ ነው።»

ዳገቱን እየወጡ የሞተውን ሰው ፈለጉ። ልጆቻቸውን ትናንት ማታ አግኝተዋቸዋል። ሚስታቸው ጠዋት ሲወጡ ቁልፍ ጠፋ ብላ ስትነጫነጭ ነበር። የቀሩት እናታቸው ናቸው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሰሞኑን ያስላቸው ነበር። ትናንት ቀን ሊጠይቋቸው ሲሄዱ እጃቸውን ይዘው «በቃህ ልጄ፣ አሁንስ ብታርፍ» ብለዋቸዋል። ኑዛዜ ነበር ለካ።

ያም ሆኖ ሙያቸው ነውና አብረዋቸው የሚሄዱትን መታዘባቸው አልቀረም። ረሻድ ፈገግታ ያበዛል፤ መርዶ ነጋሪ ጥርሱን አያሳይም። መገርሳ ደግሞ ከእሳቸው በላይ ያለከልካል። ማን ማንን ሊደግፍ ነው?

ሦስት ጊዜ አርፈው አናቱ ላይ ደረሱ። ፍል ውሃው ድኝ ድኝ ይሸታል። ሙሉአለም ዳር ላይ ስልኩን ይዞ ቀረ፤ ሦስቱ እስከ አንገታቸው ገቡ። እንፋሎቱ ውስጥ የአቶ ሶሬሳ ላብና እንባ አልተለየም።

«እናቴ ናት፣ አይደል?» አሉ አቶ ሶሬሳ።

«እናትህ ምን ሆኑ?»

«መገርሳ፣ ይህን ሥራ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። እኔ ላይ አትለማመድ።»

«ኧረ ወላሂ ማንም አልሞተም!» አለ ረሻድ።

ማንም እንዳልሞተ ራሳቸው ስንቴ እንደማሉ ስለሚያውቁ ይህ ከሁሉ ይልቅ አስደነገጣቸው። በዚያው ቅጽበት ሙሉአለም ወደ መገርሳ ጎንበስ ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰሙት።

«ሰዉ ሞልቷል፤ ግን ገና ነው። አንድ ሰዓት እንኳ አቆዩዋቸው።»

እንግዲህ ለቀብር ነው የሚጠበቁት። አቶ ሶሬሳ ከውሃው ወጡ፤ ሱሪያቸውን በርጥብ ገላቸው ላይ አጥልቀው፣ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው ቁልቁል ሮጡ። ጉልበታቸው ትዝም አላላቸው።

«ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ!»

«ሶሬ፣ ሻይ እንኳ አልጠጣንም!»

ሠላሳ ዓመት በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና የነዳው መገርሳ በዚያ ቀን ከአርባ አላለፈም። ሲሚንቶ የጫኑ መኪኖች ጡሩምባ እየነፉ ያልፉታል።

«ንዳ እንጂ!»

«እየነዳሁ ነው።»

«ጋሪ ቀደመህ እኮ፣ አንተ ሰው!»

«ሶሬ፣ ዛሬ የሚያስቸኩል ነገር የለም» አለ መገርሳ፤ ፊቱን ግን አላዞረም።

ሰፈር ሲደርሱ አቶ ሶሬሳ በመስኮቱ አዩ። በእናታቸው ደጅ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ለሃያ ሁለት ዓመት «ትከሉ» እያሉ ያዘዙት፣ ሁለተኛው ምሰሶ ላይ መጣፊያ ያለበት ድንኳን። ከድንኳኑ ተርፎ ደጅ የቆመም ሰው አለ።

ሚኒባሱ ሳይቆም ወረዱ። ርጥቡን ፎጣ እንደ ሐዘንተኛ ነጠላ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ ሰዉን በክርናቸው እየከፈሉ ገቡ።

«እናቴን! እናቴን!»

ከፊተኛው ወንበር እማማ አሰፋች ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ እንዳነሱ ዘወር አሉ፤ «ዝም በል እንጂ ልጄ፤ ሀይረዲንን የመረጥነው እየተቆጠርን ነው።»