የሁላችን ሣር

«በኅብረ ግስጋሴ ዘመን የእኔ ብሎ ነገር የለም!» አለ ከከተማ የመጣው ካድሬ፣ ቦርጩን እያስቀደመ። የመንደሩ የጋራ የጓሳ ሣር መስክ ለፓርቲው ይሰጥ የሚል ሁሉ እጁን እንዲያወጣ ሲያዝ፣ ይዘንጋሽ የእናቷን ክንድ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ጣሪያቸው ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ከርሟል። የክዳን ሣር የሚያገኙት ሽማግሌዎች ጓሳውን ለአጨዳ ሲከፍቱ ነው፤ ሳይከፈት ማጭድ ይዞ የገባን ሰው ጎረቤት እሳት እንኳ አያስጭረውም። የእናቷ እጅ ግን በፍርሃት ከጋቢው ብቅ ብሎ ነበር።

ካድሬው መቆም ሰለቸውና ከመኪናው ባስወረደው እስር ሣር ላይ ዘፍ አለ። ሣሩ ጓሳ ነው፤ የታጨደበት ጫፉ ገና እርጥብ ነበር፤ መስኩ ግን ዘንድሮ አልተከፈተም።

«ጋሼ፣ የተቀመጡበት ሣር የማን ነው?» አለች ይዘንጋሽ።

«የሁላችን ነዋ! አጨብጭቡላት!»

«እንዴ! ታዲያ ስናጭደው እኛ የት ሄደን ነው?»

ያጨበጨበ አልነበረም። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ እስሩን በከዘራቸው ነካ አድርገው «እስቲ ተነሥ፣ የኔ ልጅ» አሉት። ተነሣ። በሱሪው ቂጥ ላይ የጓሳ ሰበዝ እንደ ጅራት ተሰክቶ፣ ስለ አዲሱ ዘመን ሊቀጥል ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ የይዘንጋሽ እናት እጇን ወደ ጋቢዋ መለሰች።