በቀይ የተጻፈ ስም

አባቴ ክዳኗን ሳይከፍት ሳህኗን ወደ ቤተ ሙከራው መስኮት አነሣት። ብራና ሲመረምር እንደሚያደርገው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በብርሃኑ ላይ ቀስ አድርጎ አዞራት።

«እዚህ ጋ ሳስቷል» አለኝ።

የጻፈውን ዳዊት ለአንድ ደብር ሊያስረክብ ከኮሶዬ ወርዶ ነው እግረ መንገዱን ሊያየኝ የመጣው። እኔ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሃያ ስድስት ሳህኖች ጨርሼ፣ ምንም ሳላገኝ አቀርቅሬ ነበር። አባቴ የፍየል ቆዳ የሚነክርበት ጉድጓድ ጸጉሩን ራሱ ይበላዋል ሲል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ የዚያን ጉድጓድ ጭቃ ስዝቅ ኖርሁ። ባክቴሪያዎቹ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንበቅልም አሉ። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ ዘረመላቸውን አውጥቼ፣ ቆራርጬ፣ ለማዳ በሆነ ባክቴሪያ ውስጥ ከተትሁት።

ሳህኖቹ ላይ ያለው ምግብ ወተት አለበት፤ ጸጉር የሚበላ ኢንዛይም የወተትንም ፕሮቲን ይፈጫልና። አንዷ ባክቴሪያ የገባላት ዘረመል ወተት የሚፈጭ ኢንዛይም ካሠራት፣ በዙሪያዋ ያለው ነጭ ይጠራል። እስከዚያች ሰዓት አንድም የጠራ አልነበረም። አማካሪዬ ፕሮፌሰሯም «ከእነዚህ ካልተገኘ እንዝጋው» ብለውኛል።

ሳህኗን ተቀብዬ አየሁ። በአንዲት ነጥብ ዙሪያ ቀጭን ቀለበት ጠርቷል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ከላይ ሳያት አልፌያታለሁ፤ ያውም ሁለት ዲግሪ ይዤ! ደስታውም እፍረቱም እኩል መጣብኝ።

«አባዬ፣ ክዳኗ ላይ ኮሶዬ ብለህ፣ የዛሬን ቀን ጻፍልኝ» ብዬ የእስክሪብቶውን ጣሳ ሰጠሁትና ፕሮፌሰሯን ልጠራ በረርሁ።

ስመለስ ሳህኗ የለችም።

«ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰውዬ ወሰዳት» አለ አባቴ። እጁ ላይ ቀይ እስክሪብቶ አየሁ።

ደመቀ ነው፤ የቤተ ሙከራው ሠራተኛ፣ ሥራውን አክባሪ ሰው። እኛ ዘንድ ቀይ የተበላሸ ማለት ነው። የእቃ ማጠቢያው ክፍል በር ላይ እሱ ራሱ በትልልቁ ጽፎ ለጥፎታል፦ «ቀይ የተጻፈበት ሁሉ ይቀቀላል።» ያች ነጥብ ደግሞ ሌላ ቅጂ የላትም።

እንዴት እንደሮጥሁ አላውቅም። ደመቀ የእንፋሎት ማምከኛው ድስት አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«መብራት ሄደብኝ እኮ» አለኝ ተበሳጭቶ። «ገና አሁን ከድኜ ላበራው ስል።»

በየቀኑ የምራገምበት የመብራት መጥፋት ያን ቀን ሰው ቢሆን እግሩን እስመው ነበር። ድስቱን ከፍቼ ሳህኗን አወጣኋት። ቀለበቷ አለች። ክዳኗ ላይ ኮሶዬና ቀኑ በጥቁር ተጽፈዋል፤ ከሥራቸው፣ ዳዊት በሚጽፍበት ደልዳላ ፊደል፣ ናዝራዊት ሀብተ ማርያም ይላል፤ ስሜ። በቀይ።

አባቴ ተከትሎኝ ገብቷል። ቁጣዬ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አባዬ፣ ምነው በቀይ?»

«ኧረ ምነው ልጄ! የከበረ ስም በጥቁር ይጻፋል?» ተገረመብኝ። «አርባ ዓመት የቅዱሳኑን ስም፣ መጽሐፍ የሚያጽፈውን ሰው ስም በቀይ ስጽፍ ኖርሁ። የቤቴን ሰው በቀይ የምጽፍበት ነገር አላገኘሁም ነበር። ዛሬ አገኘሁ።»

አለቀስሁ፤ ፊቴንም አልሸፈንሁ። ፕሮፌሰሯ እያለከለኩ ደርሰው ሳህኗን ከእጄ ወሰዱና ወደ መስኮቱ አነሡ። አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ዘረመሉን ማንበብ ይቀረናል» አሉ፣ ድምፃቸው ተለውጦ። «ግን ናዝራዊት፣ ይችን ማንም አይቷት የሚያውቅ አይመስለኝም።»

«ሸጋ ናት» አለ አባቴ፣ ሳህኗን ሳይሆን እኔን እያየ።

ደመቀ ቀይ እስክሪብቶውን ከአባቴ እጅ ተቀበለ። በሩ ላይ ወደ ለጠፈው ወረቀት ሄደና ከጽሑፉ ሥር ጨመረበት፦ «ከናዝራዊት በስተቀር።»