አንድ ቀን ወደ ኋላ

ሰፈሩ «አቶ ቅዳሜ» ይለዋል። ሬዲዮ ጠጋኝ በነበረበት ዘመን፣ ገበያው በሚደራበት በቅዳሜ ቀን ሱቁን ከርችሞ ሚስቱንና ልጁን አስከትሎ ጸሎት ቤት ስለሚሄድ ነው። ደንበኛ ሰደበው፣ አከራዩ ተነጫነጨበት፤ እሱ ወይ ፍንክች። ዓርብ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እሳት ይጠፋል፣ ሥራ ይቆማል፣ የሰንበት መቀበያው መዝሙር ይዘመራል። ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ መሸኛው። በዚያ ቤት ሁለቱን መዝሙሮች የማይለይ ሰው የለም።

አሁን ስኳር በሽታ ዓይኑንም እግሩንም ወስዶበት አልጋ ላይ ውሏል። ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ልጁ ናት። ልብስ ፋብሪካ ውስጥ፣ የካውያ ተኩስ ክፍል ትሠራለች። ድሮ እሁድ እየገባች ቅዳሜን ታርፍ ነበር። አዲስ ኃላፊ መጣና እሁድ ፋብሪካው እንዲዘጋ አደረገ።

«ቅዳሜ የማይገባ ሰው ሰኞም እንዳይመጣ» አላት።

«አባቴ እኮ ታሟል። መድኃኒቱን የምገዛው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያውስ ግቢያ!»

ለእናቷ ነገረቻትና ወጥ ቤት ውስጥ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ሥራውን ብትተው መድኃኒቱ ይቋረጣል። ብትገባ ደግሞ አባቷ አይውጠውም። «በሰንበት ተሠርቶ የመጣ ነገር በዚህ ጉሮሮ አይወርድም» ሲል ስንቴ ሰምተውታል፤ ያለውን የሚያጥፍ ሰው አይደለም።

በዚያው ሰሞን ትኩሳት ጣለውና ሆስፒታል ገባ። ራሱን ስቶ ሰነበተ። ነፍሱን ሲያውቅ ቤቱ፣ አልጋው ላይ ነበር።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለ።

ቀኑ ዓርብ ነበር።

«ሐሙስ ነው አባባ» አለችው ልጁ። እናት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እንዲህ አድርገው ከሳምንቱ አንድ ቀን ሰረቁት። ልጅቱ ቅዳሜን ስትተኩስ ትውላለች፤ ለእሱ ግን ዓርብ ነው። እሁድ ሲሆን ሦስቱም አልጋው ዘንድ ሰንበትን ያከብራሉ። ጠያቂ ሲመጣ «ሐኪም ከልክሏል» እየተባለ ከደጅ ይመለሳል። የቀረው ሬዲዮው ነበር፤ ሬዲዮ ቀን ይናገራል። ልጅቱ ጀርባውን ፈታች፣ አንዲት ቀጭን ሽቦ በጠሰች፣ መልሳ ገጠመችና «ተበላሸ» አለችው።

«ለማን ነው የምትነግሪው? አምጪው እንጂ!» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ያንን ሬዲዮ ሆዱ ላይ አስቀምጦ በጣቶቹ ሲዳብሰው ይውላል። አልሆነለትም። «ምን እንደነካው እንጃ» ይላል። ሬዲዮ ነቅነቅ አድርጎ ብቻ ሕመሙን ይናገር የነበረ ሰው! እናት «እጁም ሞተ» እያለች ታለቅሳለች።

አንድ ጊዜ ክፉኛ አስደነገጣቸው። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ልጅቱ ወደ ሥራ ልትወጣ ጫማዋን ታስራለች።

«ተማሪዎቹ ዛሬ አላለፉም?» አለ፣ ጆሮውን ወደ መስኮቱ ሰጥቶ።

ቅዳሜን ዕድሜ ልካቸውን ጸሎት ቤት ያሳለፉ ሰዎች ናቸው፤ መንገዱ በዚያ ጠዋት ጭር እንደሚል እንዴት ያስቡት?

«ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ይሆናል አባባ።»

«ይሆናል» አለ። ሁለተኛ አልጠየቀም። እፎይ አሉ።

እፎይታው ግን አልቆየም። እሱ ዓርብ ነው በሚለው ቀን፣ በዚያው በሚዋሹበት ቀን፣ ይብስበት ጀመር። በሌላው ቀን ደህና ይውላል። ያ ቀን ሲመጣ «ጣቶቼ አብጠዋል» ብሎ ሬዲዮውን ያስነሳል። ድስት ከተጣደ ሽታው ያቅለሸልሸዋል። «የሰንበቱን ምግብ ሐሙስ ጨርሺው» ይላል፤ «ለዛሬ የትናንቱን ቀዝቃዛውን ስጪኝ።» ከዚያ የሚስቱን እጅ ይይዛል። ልነሳ ብትል አይለቃትም።

«የእግዜር ቁጣ ነው» አለች እናት። «በሰረቅንበት ቀን እየመረጠ ነው የሚመታው። ታዲያ ሌላ ምን ይሆናል ልጄ?»



ሊያየው የመጣውን ሐኪም ደጅ ድረስ ስትሸኘው «ብዙም አይቆይም፤ ልባችሁን አዘጋጁ» አላት። ከዚያ ወዲህ ካውያውን ስትገፋ እንባዋ የሰው ኮሌታ ላይ እየወደቀ አብሮ ይተኮሳል። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን ሰንበት የገዛ ልጁ ሰርቃው፣ ሳያውቅ ሊቀበር? ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልነግረው ብላ ቆረጠች። ይርገመኝ አለች። መድኃኒቱንም ይትፋው። ብቻ አውቆ ይሙት።

የእንፋሎቱ ማሽን ተበላሽቶ ሠራተኛው በጊዜ ተለቀቀ። እየሮጠች መጣች። ስትደርስ ፀሐይዋ የጎረቤት ጣራ ጫፍ ላይ ነበረች። እናቷ በረንዳው ላይ፣ ወንበር ላይ እንዳለች እንቅልፍ ወስዷታል። እንዳትቀሰቅሳት ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ገባች።

የአባቷ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ሬዲዮው መስሏት ክው አለች። ሬዲዮው ግን ከአልጋው ርቆ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ራሱ ነው የሚዘምረው፣ ለብቻው፣ በሹክሹክታ፣ ፊቱን ብርሃኑ ወደሚጠልቅበት መስኮት አዙሮ። እሱ በሚያውቀው አቆጣጠር የመቀበያው ሰዓት ስለሆነ መጀመሪያ ልብ አላለችውም።

መሸኛው ነበር።

በሩን ተደገፈች፤ ማጠፊያው ሲጢጥ አለ። መዝሙሩ ተቋረጠ። አባቷ በእጁ መዳፍ ፊቱን ጠረግ ጠረግ አደረገ።

«አንቺ ነሽ የኔ እናት? ቶሎ በይ ተጣጠቢ እንጂ፤ ሰንበት ልትገባ ነው።»