የድምፅ ካርዱ ፈተና

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እጮኛው የልጅቷን ቤተሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ በተዋወቀ ዕለት፣ እናቷ «ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?» ቢሉት «የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ» ብሎ አረፈው። ኮምፒውተር መሸጫ ሱቅ ውስጥ መሥራቱስ እውነት ነው። ሥራው ግን ካርቶን መጫን፣ ካርቶን ማውረድ፣ ካርቶን ሲጠፋ ደግሞ መስታወት መወልወል ነበር።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእሱ ግን እያደር ከበደው። የልጅቷ አባት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበሩና። ከዓለም ሙያ ሁሉ መርጦ መርጦ የሰውየውን ሙያ ዋሸ። ሐኪም ነኝ ቢል ኖሮ ቢያንስ የታመመ ሰው እስኪገኝ ጊዜ ያተርፍ ነበር።

የፈራው አልቀረም፣ አባትየው ራሳቸው ደወሉለት። «ቅዳሜ ጠዋት ና። ለአሮጌው ኮምፒውተሬ የድምፅ ካርድ አግኝቻለሁ። ስትገጥመው አይሃለሁ» አሉትና ስልኩን ዘጉ።

«አባዬ ሰው ሲፈትን እንዲህ ነው» አለችው ልጅቷ ቅዳሜ በር ላይ ስትቀበለው። «ለምሳ ደግሞ አጎቶቼና አክስቶቼ ይመጣሉ። አደራ፣ እንዳታሳፍረኝ።»

እሷም እውነቱን አታውቅም ነበር። ይወዳታል፤ የዋሸውም ከመውደዱ ብዛት ነው። ዘመድ አዝማዱ የሚሰበሰበው ፍርዱን ለመስማት መስሎት ከአሁኑ ያጣት ያህል ተሰማው።

ኮምፒውተሩ ጠባቧ ክፍል ውስጥ የጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ነጭ የነበረው አካሉ በዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኗል። አባትየው በሩን ዘጉና ወንበር ስበው ከእጮኛው ትከሻ ሥር ተቀመጡ።

«ጀምር» አሉ።

እጮኛው ሳምንቱን ሙሉ የሱቁን ኮምፒውተር ጠጋኝ እየለመነ ያጠናውን በልቡ ደገመ። መጀመሪያ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለ።

«ለምን ነቀልከው?»

«እንዳይዘን ነው አባባ። ከነቀልን በኋላም ውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ማብሪያውን አንዴ እንጫነዋለን።»

«እሺ። ከዚያስ?»

ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈትቶ ክዳኑን ሲያነሳ አቧራው ፊቱ ላይ ቦነነ። እንደ ባለሙያ ላለማስነጠስ ታገለ፤ ባለሙያ ያስነጥስ አያስነጥስ ግን ጠጋኙን አልጠየቀውም ነበር። ካርዱን ከማንሳቱ በፊት እጁን የኮምፒውተሩ ብረት ላይ አሳረፈ።

«ይሄስ ለምንድን ነው?»

«ሰውነታችን ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ካርዱን እንዳያቃጥለው፣ ወደ ብረቱ እንዲሄድ ነው።»

አባትየው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ ነው፣ ሲል እጮኛው በራሱ አፈረ።

«ኧረ ልጁን አታስጨንቀው» አሉ እናትየው ከበሩ ማዶ። «ልጄ፣ ባለቤቴ እንደሆነ ይሄ ሥራው ነው። መሥሪያ ቤት ሳለ እሱ ቆሞ ካላዘዘ ማሽኑን ማንም አይነካም ነበር።»

«እናንተ ምሳችሁን ተመልከቱ» አሉ አባትየው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቀጥል። ቀስ እያልክ፤ አንድም ነገር እንዳትዘልብኝ።»

ካርዱን በጠርዝ በጠርዙ ይዞ ከውስጥ ካሉት የካርድ ማስገቢያዎች ረጅሙ ላይ ደገነው።

«አጭሩ ላይ ለምን አላስገባኸውም?»

«ጥርሱ አይገጥምም። በግድ ከተጫኑት ይሰበራል።»

በሁለት እጁ እኩል ሲጫነው ጠቅ ብሎ ገባ። በብሎን አሠረው፣ ስፒከሮቹን ሰካ፣ ክዳኑን መልሶ ኮምፒውተሩን አበራ፣ ከካርዱ ጋር የመጣውንም ፕሮግራም ጫነ። አንዲት አጭር ዜማ ክፍሉን ሞላችው። እጮኛው ደስታውን ሳይጨርስ አባትየው ተንደርድረው ድምፁን ዘጉት።

«አሁን አውጣው» አሉ።

«ምን አሉኝ አባባ?»

«ካርዱን አውጣው። እንደነበረ መልሰህ፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ ድገመው።»

ሰውየው ነቅተውብኛል ሲል አሰበ። ገመዱን እንደገና ነቀለ፣ ክዳኑን እንደገና አነሳ። በዚህኛው ዙር አባትየው መጠየቁን ትተው እየቀደሙት ይናገሩ ጀመር። «አሁን ብረቱን ትነካለህ። አሁን በጠርዙ ትይዘዋለህ። ልክ ነኝ?» ይላሉ፤ እሱም «ልክ ነዎት» ይላል። ላብ አጠመቀው። ካርዱ ጠቅ ብሎ ሲገባ ቀና ብሎ አያቸው።

«አውጣው» አሉ እንደገና።

ሳሎን ውስጥ የዘመዶቹ ሰላምታ ተጀምሯል። እጮኛው ካርዱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚህ በላይ መቻል አልቻለም።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ባለሙያ አይደለሁም፤ ካርቶን ተሸካሚ ነኝ። ይሄን ያስጠናኝ የሱቃችን ጠጋኝ ነው። ልጅዎን እንዳላጣት ብዬ ነው የዋሸሁት።»

አባትየው ዞር ብለው በሩ መዘጋቱን አዩ። ከዚያ ካቻቢቴውን ከእጁ ወሰዱት። እጮኛው ነገሩ ያበቃ መስሎት ጃኬቱን ሊያነሳ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ» አሉት ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፤ «ልጄን ትወስዳለህ፤ ግን ከምሳ በኋላ ዘመድ ሁሉ ፊት ይሄን የምገጥመው እኔ ነኝና፣ አጠገቤ ሁንና ስሳሳት እህ እህ ብለህ ሳል።»