የሞምባሳ ዓሣ

ሽማግሌው ከደብረ ማርቆስ ሞምባሳ ድረስ የመጡት የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ እንጂ ዓሣ ሊበሉ አልነበረም። ልጃቸው ሰብስቤ ግን በየቀኑ ባሕሩ ዳር ያለች አንዲት ምግብ ቤት እየወሰደ ይጎልታቸዋል። እውነት ለመናገር፣ በኮኮናት ወተት የተቀቀለው ሩዝ እጅ ያስቆረጥማል። ቢሆንም «ሕፃኗስ?» ባሉ ቁጥር «ከእናቷ ጋር ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች፤ ነገ ትመጣለች» መባሉ አንገፈገፋቸው።

ዛሬም አስተናጋጇ ሩዙንና ዓሣውን አቅርባ ስታበቃ፣ እንደ ልማዷ ያዘለቻትን ሕፃን አውርዳ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ሽማግሌው የታቀፉትን ሕፃን ሳይመርቁ አይለቁም። እንደ ትናንቱ ፀጉሯን እየዳበሱ፣ «እደጊ፣ ተመንደጊ፤ እናትሽንም ያኑርልሽ» አሉና ወደ ልጃቸው ዞረው ቱግ አሉ።

«አንተ፣ ትቀልድብኛለህ? አገር አቋርጬ መጥቼ የሰው ልጅ ሳቅፍ ልከርም ነው? ዛሬ የልጅ ልጄን ካላሳየኸኝ ነገ ወዳገሬ!»

ሰብስቤ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ መለሰ።

«ባዕድ ካገባህ እረግምሃለሁ ብለውኝ አልነበር፣ አባባ? ይኸው፣ ሁለቱንም መረቋቸው።»